የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲመዘን፦ የሚሰጠውና የሚያጎድለው

የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለአመልካቾች የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ቃል ታጅቦ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ዋጋ ለምን እንደሚንር፣ ሥራ ለምን እንደሚጠፋ፣ አንዱ አገር በልጽጎ ሌላው ለምን በድህነት እንደሚቆይ ይረዳል ይባላል። ትምህርቱን ተከታትሎ እንደጨረሰና በሙያው እንደሠራ ሰው ስመዝነው፣ ይህ ቃል ከፊሉ ይፈጸማል፤ ከፊሉ ደግሞ ተማሪው በራሱ ንባብ ካላሟላው በቀር ጎድሎ ይቀራል። በእኔ ግምት ዲግሪው የሚያስጨብጠው ትልቁ ቁም ነገር አንድን ውጤት ያመጣው የትኛው ምክንያት እንደሆነ ከሌሎች ምክንያቶች ለይቶ የመመርመር ችሎታ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ችሎታ የሚሰጠው ወደ ትምህርቱ ማብቂያ ተጠግቶ በመሆኑ፣ ብዙ ተማሪዎች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ትምህርቱ የመስመርና የቀመር ክምችት ብቻ ይመስላቸውና ፍላጎታቸው ይቀዘቅዛል።

የትምህርቱ ዋና አካል ከአገር አገር ብዙ አይለያይም። ተማሪው በመጀመሪያ የማይክሮኢኮኖሚክስ (የሸማቾች፣ የአምራቾችና የየገበያው ጥናት) እና የማክሮኢኮኖሚክስ (የአገር ኢኮኖሚ በጠቅላላው ጥናት) መግቢያ ይወስዳል፤ ጎን ለጎን ካልኩለስ፣ ሊኒያር አልጀብራና ስታቲስቲክስ ይማራል። በመካከለኛው ደረጃ እነዚያው ሁለቱ ትምህርቶች በሂሳብ ተጠናክረው ይመለሳሉ፣ ኢኮኖሜትሪክስም (የኢኮኖሚ ጥያቄዎችን በመረጃና በስታቲስቲክስ የመመርመር ትምህርት) ይጨመራል። በመጨረሻም እንደ ዓለም አቀፍ ንግድ፣ የልማት ኢኮኖሚክስ፣ የመንግሥት ፋይናንስ፣ የሥራ ገበያ፣ ገንዘብና ባንክ ካሉት የምርጫ ኮርሶች ጥቂቱን ወስዶ፣ በብዙ ቦታም የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ይወጣል። እንደየአገሩ ሥርዓት ይህ ሁሉ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። የሂሳብ አያያዝና የሥራ አመራር ኮርሶች አልፎ አልፎ ቢካተቱም የትምህርቱ ማዕከል ስላልሆኑ፣ ድርጅት መምራትን ወይም ንግድ ማቋቋምን ለመማር የሚያመለክት ሰው ሌላ የትምህርት ክፍል ቢመርጥ ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ማይክሮኢኮኖሚክስ ከሚገባው በታች ይገመታል። የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮችን ማንም በአንድ ቀን ሊረዳቸው ይችላል፤ ፍሬያቸው የሚታየው ግን ጥያቄ ሲቀርብባቸው ነው። ለአብነት የግብርን ጉዳይ እንውሰድ። መንግሥት በሻጮች ላይ ግብር ሲጥል ግብሩን የሚሸከሙት ሻጮች ናቸው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ዋጋው 100 በሆነ ዕቃ ላይ 10 ግብር ተጣለ እንበል። ዋጋ ሲለወጥ ሻጮች የሚያሳዩት ምላሽ ገዢዎች ከሚያሳዩት አራት እጥፍ የበረታ ከሆነ፣ ገዢው የሚከፍለው ዋጋ ወደ 108 ገደማ ከፍ ይላል፣ ለሻጩም ግብሩን ከፍሎ 98 ይቀረዋል። ከአሥሩ ስምንቱን የተሸከመው ገዢው ነው ማለት ነው፤ ሕጉ ግብር ከፋይ ብሎ የሰየመው ገዢውን ቢሆን ኖሮም ድርሻቸው ያው ነበር። ሸክሙ በይበልጥ የሚያርፈው ከገበያው መሸሽ በሚቸግረው ወገን ላይ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ያሰላ ተማሪ ከዚያ በኋላ ስለ ግብርም ሆነ ስለ ድጎማ የሚነገረውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ይሰማል።

በመካከለኛው ደረጃ ኮርሱ ይከብዳል። ሸማቹ ባለው በጀት የተሻለውን እንዴት እንደሚመርጥ፣ አምራቹም ወጪውን እንዴት እንደሚቀንስ በሂሳብ ይገለጻል፣ እንደ በጀት ያለ ገደብ እያለ የተሻለውን መልስ የሚያገኘው የላግራንዥ ዘዴ የዘወትር መሣሪያ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚዘሉት አንድ ውብ ነገር አለ። በስሌቱ ውስጥ ላምዳ የምትባለው ምልክት መልሱ ከተገኘ በኋላ የምትጣል ረዳት ትመስላለች፤ ትርጉሟ ግን በጀቱ በአንድ አሃድ ቢሰፋ የሸማቹ እርካታ በምን ያህል እንደሚጨምር ይነግራል። ውሃ ለሚያከፋፍል መሥሪያ ቤትም ሆነ አልጋ ለሚያጥረው ሆስፒታል፣ የጎደለው ነገር አንድ ተጨማሪ አሃድ ቢገኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚናገረው ይኸው ቁጥር ነው። ይህን ሳያስረዱ ስሌቱን ብቻ ማስፈተን ተማሪውን የድካሙን ፍሬ መከልከል ነው።

ሌላው የዚህ ኮርስ ጉድለት የጊዜ አመዳደብ ነው። ፍጹም ውድድር የሰፈነበት ገበያ፣ ማለትም ማንም ሻጭ ወይም ገዢ ዋጋውን ብቻውን ሊወስን የማይችልበት፣ ሰፊውን ጊዜ ይወስድና፣ የብቸኛ ሻጭ ገበያ፣ ጆን ናሽ እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ ያደረገው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ሚዛን፣ ማለትም ሌሎቹ ምርጫቸውን ካልለወጡ ማንም የራሱን በመለወጥ የማይጠቀምበት ሁኔታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ እንዲሁም ሻጭና ገዢ እኩል መረጃ ሳይኖራቸው ሲገበያዩ የሚፈጠረው ችግር ወደ ሴሚስተሩ መጨረሻ ተገፍተው በጥድፊያ ይታለፋሉ። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እንዳሳየው፣ የአሮጌ መኪና ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለማንኛውም መኪና የሚሰጠው አማካይ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ሲወጣ የቀሩት መኪኖች አማካይ ጥራት ይወርዳል፣ ገዢውም የሚሰጠውን ዋጋ ዳግመኛ ይቀንሳል፤ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ገበያው ጨርሶ ሊፈርስ ይችላል። የኢንሹራንስ፣ የብድርና የቅጥር ገበያዎች ያለዚህ ሐሳብ በቅጡ አይብራሩም። አከርሎፍ፣ ማይክል ስፔንስና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ በ2001 የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት የተጋሩበት ይህ ዘርፍ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ከጥቂት ክፍለ ጊዜያት የላቀ ቦታ ይገባዋል።

ማክሮኢኮኖሚክስ ከክፍል ክፍል የአሰጣጡ ጥራት ከሁሉ ይበልጥ የሚለያይበት ትምህርት ነው። በደንብ ሲሰጥ የአንድ ረጅም ክርክር ታሪክ ይሆናል። ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1936 የሥራ አጥነትን መንስኤ በጠቅላላ ፍላጎት ማነስ አስረዳ፤ ጆን ሂክስ በማግሥቱ ዓመት ሐሳቡን በሁለት መስመሮች አጠቃለለው፣ ያም ሥዕል ዛሬም በየሰሌዳው ላይ ይሣላል። በ1958 ዊሊያም ፊሊፕስ ከ1861 እስከ 1957 ያለውን የብሪታንያ መረጃ መርምሮ፣ ሥራ አጥነት ዝቅ ባለባቸው ዓመታት ደመወዝ በፍጥነት ይጨምር እንደነበር አሳየ። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ጥቂት የዋጋ ግሽበትን በመቀበል ሥራ አጥነትን መቀነስ ይቻላል ብለው ደመደሙ። ሚልተን ፍሪድማንና ኤድመንድ ፌልፕስ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሰዎች ግሽበቱን አስቀድመው መጠበቅ ሲጀምሩ ይህ ጥቅም እንደሚጠፋ አስጠነቀቁ፤ በ1970ዎቹ ግሽበትና ሥራ አጥነት አብረው ሲያሻቅቡ ማስጠንቀቂያቸው እውነት ሆነ። ይህን ቅደም ተከተል የተማረ ሰው፣ ማዕከላዊ ባንኮች ሕዝቡ ስለ ነገ ዋጋ ለሚገምተው ነገር ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ታሪኩ ተቆርጦ ሲቀር ግን ትምህርቱ መስመርን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የመግፋት ልምምድ ይሆናል። ተማሪው ፈተናውን ያልፋል፤ ሆኖም መስመሩን ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደሣለው ስለማያውቅ፣ ሞዴሉ የማይሠራበትን ሁኔታ መለየት ያቅተዋል። ይህ ጉድለት በ2008 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ በግልጽ ታየ። በዚያን ዘመን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በሚሰጡት የተለመዱ ሞዴሎች ውስጥ ባንኮች እዚህ ግባ የሚባል ቦታ ስላልነበራቸው፣ ብዙ ተማሪዎች በዓይናቸው ፊት የሚሆነውን ነገር ከተማሩት ጋር ማገናኘት ተቸገሩ። ቅሬታውን ያነሡት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ በ2000 የፈረንሳይ ተማሪዎች፣ በ2014 ደግሞ ከበርካታ አገራት የተውጣጡ የተማሪ ማኅበራት ትምህርቱ የተለያዩ የአስተሳሰብ መንገዶችን እንዲያካትት በይፋ ጠይቀዋል። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ከእውነተኛ ችግርና ከመረጃ የሚነሡ መማሪያዎች በነጻ ጭምር መቅረብ ጀምረዋል፤ ለውጡን የተቀበሉት ግን ሁሉም የትምህርት ክፍሎች አይደሉም።

ከማክሮኢኮኖሚክስ ውስጥ የዕድገት ምዕራፍ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ሮበርት ሶሎው በ1956 ያቀረበው ሞዴል፣ ማሽንና ሕንፃ ማከማቸት ብቻውን ዕድገትን ለዘለቄታው ሊያስቀጥል እንደማይችል ያሳያል፤ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ማሽን ጥቅም እያነሰ ስለሚሄድ ዘላቂው ዕድገት ከቴክኖሎጂ መሻሻል መምጣት ይኖርበታል። ከዚሁ ጋር የሚሰጠው ቀላል ስሌት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። 70 ለዓመታዊው የዕድገት መቶኛ ሲካፈል ገቢ እጥፍ የሚሆንበት ዘመን በግምት ይገኛል፤ በዓመት 2 በመቶ የሚያድግ ገቢ እጥፍ ለመሆን 35 ዓመት ሲፈጅበት፣ 7 በመቶ የሚያድገው በ10 ዓመት ይደርስበታል። ስለ ድህነትና ብልጽግና የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ይህን የቁጥር ልዩነት ከልብ ካልያዘ መሠረት አይኖረውም።

ከዲግሪው ሁሉ የላቀው ክፍል ኢኮኖሜትሪክስ ነው። ኮርሱ የሚጀምረው በተበተኑ ነጥቦች መካከል የሚስማማውን መስመር በማሳለፍ ሲሆን፣ ይህን ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል። ከባዱ ሥራ መስመሩ ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ነው። ብዙ ዓመት የተማሩ ሰዎች የተሻለ ደመወዝ እንደሚያገኙ መረጃው ቢያሳይ፣ ጭማሪው የመጣው ከትምህርቱ ነው ወይስ ብዙ የሚማሩት ከመጀመሪያውም ትጉሃን ወይም ደጋፊ ቤተሰብ ያላቸው ስለሆኑ ነው? ትጋት በመረጃው ውስጥ ስላልተመዘገበ መስመሩ የትጋትን ውጤት ለትምህርት አሳልፎ ይሰጠዋል። ጥሩ መምህር ሴሚስተሩን በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ያዋቅረዋል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ ማስተማሪያ ሆኖ የማገኘው ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በ1994 ያሳተሙትን ጥናት ነው። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት በኤፕሪል 1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ በነበረበት ተወችው። ተመራማሪዎቹ ከጭማሪው በፊትና በኋላ በሁለቱ ግዛቶች ከሚገኙ 410 ፈጣን ምግብ አቅራቢ ቤቶች መረጃ ሰበሰቡ። በሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሲሰላ፣ በኒው ጀርሲ የአንድ ምግብ ቤት አማካይ የሠራተኛ ቁጥር ከ20.44 ወደ 21.03 ከፍ ሲል፣ በፔንሲልቬንያ ከ23.33 ወደ 21.17 ወረደ። አንደኛው በ0.59 ጨመረ፣ ሌላው በ2.16 ቀነሰ፤ በሁለቱ ለውጦች መካከል ያለው ልዩነት 2.75 ገደማ ነው። ደመወዝ በሕግ ሲጨመር ቅጥር ይቀንሳል የሚለው የመጀመሪያው ዓመት ሥዕል በዚህ መረጃ አልተደገፈም።

ትምህርቱ ግን እዚህ ላይ አያበቃም፤ ተማሪው የሚበስለውም ከዚህ በኋላ ነው። ስሌቱ የሚጸናው ጭማሪው ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ግዛቶች ተመሳሳይ ለውጥ ያሳዩ ነበር የሚለው ግምት ከተያዘ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊታይ የማይችል ነገር ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች የደመወዝ መዝገቦችን ይዘው ውጤቱን ተከራከሩ፣ ካርድና ክሩገርም በሌላ መረጃ መለሱ። ሁለቱንም ወገን አንብቦ የትኛው ግምት የት ላይ እንደሚሰነጠቅ የሚጽፍ ተማሪ ኢኮኖሚክስን ተምሯል ማለት እችላለሁ። ካርድ በ2021 ከጆሹዋ አንግሪስትና ከጊዶ ኢምበንስ ጋር የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት ሲቀበል የተከበረው ይኸው ምክንያትን ከገጠመኝ የመለየት ጥረት ነበር።

በዚህ ኮርስ ላይ የሚጎድለው ልምምድ ነው። እኔ በተማርሁበት ክፍል መረጃው ተጣርቶና የተለዋዋጮቹ ስም ተስተካክሎ ይሰጠን ነበር፤ በሥራ ዓለም ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ማጣራት ላይ ነው። አንዱ ፋይል ገቢን በወር፣ ሌላው በዓመት ይመዘግባል፤ መልስ ያልሰጠ ሰው በአንድ ቦታ ባዶ፣ በሌላ ቦታ ዜሮ፣ በሦስተኛው ቦታ ደግሞ 99 ተብሎ ይገባል። 99ኙን እንደ እውነተኛ ዕድሜ ወይም የልጆች ቁጥር አድርጎ አማካይ ያወጣ ተመራቂ የቱንም ያህል ንድፈ ሐሳብ ቢያውቅ መልሱ ስሕተት ነው። እንደ ስታታ፣ አር ወይም ፓይተን ያለ የመረጃ መተንተኛ የኮምፒውተር መሣሪያ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከጥሬ መረጃ ጋር የሚያስተምር ክፍል ተማሪውን ከዚህ ይጠብቀዋል።

ከምርጫ ኮርሶች መካከል ዓለም አቀፍ ንግድና የልማት ኢኮኖሚክስ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ። ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 በሰጠው ምሳሌ፣ የተወሰነ መጠን ያለው ጨርቅ ለማምረት እንግሊዝ የ100 ሰዎች፣ ፖርቱጋል የ90 ሰዎች የዓመት ሥራ ያስፈልጋቸዋል፤ ለወይን ጠጅ ደግሞ እንግሊዝ 120፣ ፖርቱጋል 80። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች፤ ሆኖም ወይን ጠጅ ላይ አተኩራ ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ 90 ሊፈጅባት የነበረውን በ80 ታገኘዋለች፣ እንግሊዝም 120 ሊፈጅባት የነበረውን ወይን ጠጅ በ100 ታገኛለች። በአራት ቁጥሮች ይህን ያህል የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ በመርሐ ግብሩ ውስጥ የለም። በልማት ኢኮኖሚክስ በኩል አማርትያ ሴን በ1943 የደረሰውን የቤንጋል ረኃብ መርምሮ፣ እህል በአገሩ እያለ የመግዛት አቅማቸው የተሟጠጠ ሰዎች ሊያልቁ እንደሚችሉ ያሳየበት ትንታኔ፣ እንዲሁም አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 የተሸለሙበት የመስክ ሙከራ ዘዴ ተማሪውን ከሰሌዳው ወደ ሰው ሕይወት ይመልሱታል። ገንዘብና ባንክ ጠቃሚ ቢሆንም አብዛኛው ይዘቱ በራስ ንባብ ሊሸፈን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክና የኢኮኖሚ ታሪክ ከግዴታ ኮርስነት በብዙ ቦታ መውጣታቸው ነው። በ1776 ስለ ሥራ ክፍፍል የጻፈው አዳም ስሚዝ፣ የዕድሜ ልክ ተደጋጋሚ ሥራ የሠራተኛውን አእምሮ እንደሚያደነዝዝም አስጠንቅቋል፤ ይህን ሁለተኛውን የማይሰማ ተማሪ ብዙ ነው። ሪካርዶም ማሽን ሠራተኛን ሊጎዳ ይችላል የሚለውን ጥያቄ በኋላ ዘመኑ በቁም ነገር ይዞታል። እነዚህን ጥርጣሬዎች ቆርጦ ድምዳሜውን ብቻ ማስተማር፣ ሐሳቦቹ በምን ትግል እንደተገኙ ከተማሪው መሰወር ነው። መምህሩ ጊዜ የለኝም ቢል ከፍጹም ውድድር ላይ ጥቂት ሳምንት መቀነስ ይቻላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው መርሐ ግብር ከሌለው ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ተማሪዎች መጀመሪያ ይዘውት የሚመጡት ርእስ "የትምህርት ሚና በኢኮኖሚ ዕድገት ላይ" የሚል ዓይነት ሲሆን፣ ይህ በአንድ ዓመት ቀርቶ በአንድ ዕድሜም አያልቅም። ጥሩ አማካሪ ይህን ወስዶ፣ አንድ ትምህርት ቤት የምሳ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ የተማሪዎቹ መቅረት ካልጀመረው ጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ሲነጻጸር ቀነሰ ወይ ወደሚል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ያጠበዋል። ተማሪው ሰፊውን ጥያቄ ወደ ጠባብና ሊመረመር ወደሚችል ጥያቄ የመቀየርን ጥበብ የሚማረው በዚህ ሂደት ነው፤ አሠሪዎች ከአዲስ ተመራቂ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የሚያመለክት ሰው የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር አስቀድሞ ቢያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ኢኮኖሜትሪክስ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ? ሁለት ተከታታይ ኮርስ ነው ወይስ አንድ? የቤት ሥራው በመረጃ ላይ ነው ወይስ በቀመር ማረጋገጫ ላይ ብቻ? ታሪክ ነክ ኮርስ ቢያንስ አንድ አለ ወይ? ኢኮኖሜትሪክስን በምርጫ የተወና የመመረቂያ ጽሑፍ የሌለው መርሐ ግብር፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ የዲግሪውን ዋና ፍሬ አይሰጥምና አልመክረውም። ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ መቀጠል የሚያስብ ተማሪ ደግሞ ከሂሳብ ክፍል ሪል አናሊሲስን (የካልኩለስን መሠረቶች በማረጋገጫ የሚያጠና ኮርስ) ጨምሮ ቢወስድ መልካም ነው፤ የኢኮኖሚክስ ክፍሉ ራሱ የሚሰጠው ሂሳብ ለዚያ ደረጃ አይበቃምና። ሂሳብ የሚያስፈራው አመልካች ከመግባቱ በፊት ዴሪቬቲቭን፣ ሎጋሪዝምንና የፕሮባቢሊቲን መነሻ ሐሳቦች ቢከልስ፣ የመጀመሪያው ዓመት ጉልበቱ በምልክቶቹ ላይ ሳይባክን ከምልክቶቹ ጀርባ ባለው ጥያቄ ላይ ይውልለታል።